የሞግዚቷ ልጅ

በዚያ ክረምት የዩኒቨርሲቲያችን ቲያትር ቡድን አንድ የቆየ አሳዛኝ ተውኔት ያዘጋጅ ነበር። እኔ መድረክ ላይ መውጣት ስለማፍር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ቃል ለጠፋባቸው ተዋንያን ቃሉን በሹክሹክታ አስታውሳቸው ነበር። በተውኔቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ሁለት እናቶች አሏት። የወለደቻት ታዛታለች፤ ያጠባቻት ሞግዚት ታቅፋታለች።

«ይህቺን ሞግዚት ሁላችሁም ትወዷታላችሁ» አለኝ አንድ ቀን የመድረኩን ደረጃ የሚሠራው አናጢ። «የራሷን ልጅ ግን ማን አቀፈው?»

የተውኔቱን ጽሑፍ ማገላበጥ ጀመርኩ።

«አስታዋሿም ቃል ጠፋባት!» ብሎ ሳቀ።

ኤሊሴር ይባላል፤ ከደቡብ ቺሊ፣ ከቺሎኤ ደሴት ነው የመጣው። ከልምምድ በኋላ አብረን ወንዝ ዳር መሄድ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን እናቱ እዚሁ ኮንሴፕሲዮን ከተማ በሰው ቤት ሞግዚት እንደሆነች፣ እሱን ያሳደገችው አያቱ እንደሆነች ነገረኝ።

«እናትህ ማን ትባላለች?»

«ሮሴንዳ።»

ቆምኩ። «እኔንም ያሳደገችኝ ሮሴንዳ ናት» አልኩት። ልጅ እንዳላት አውቅ ነበር፤ ስሙን ግን በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

«እናቴ ‹ልጅቷ› የምትላት አንቺ ነሽ?» አለ። «በዓመት ሁለት ሳምንት ነበር የምትመጣልኝ። እሱንም ስላንቺ ስታወራ ትጨርሰው ነበር። ስጠላሽ ነው ያደግሁት።»

«አሁንስ?»

«አሁን አስቸገረኝ።»

ክረምቱ ሳያልቅ ልንጋባ ተስማማን። ለሮሴንዳ ወጥ ቤት ውስጥ ነገርናት። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«እናቱን ወስደሽበታል። እሱን ደግሞ አልሰጥሽም።»

«እማ፣ እኔ ዕቃ ነኝ?»

«አንተ ዝም በል!»

እናቴ ድምፃችንን ሰምታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አቅፋኝ አታውቅም፤ ያን ቀንም ወደ እኔ አልመጣችም። ወንበር ስባ ከሮሴንዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እውነቷን ነው» አለች። «ሮሴንዳ፣ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። ይህን ከሃያ ዓመት በፊት ልልሽ ይገባኝ ነበር።»

«እትዬ...» አለች ሮሴንዳ።

በማግስቱ እናትና ልጅ ወደ ደሴታቸው ሄዱ። እናቴን ለወራት አኮረፍኳት።

በበጋ ኤሊሴር ደወለ። በደሴቱ ልማድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ የአያቱን የእንጨት ቤት ሳይፈርስ በበሬ ጎትቶ ወደ ባሕሩ ዳር ሊያወርደው ነው።

«እናትህስ?»

«ትምጣ አላለችም። አትምጣም አላለችም።»

አውቶቡሱ ድረስ የሸኘችኝ እናቴ ናት። «ኮንስታንሳ፣ እዚያ የሚያገለግልሽ የለም» አለችኝ። «እጅጌሽን ሰብስቢ።»

ስደርስ ቤቱ ከነመስኮቱ በግንዶች ላይ ቁልቁል ይንሸራተት ነበር። ሮሴንዳ ትልቅ ድስት አጠገብ ቆማለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ሾርባ የሞሉ ሳህኖች አስያዘችኝ። ተራቸውን ለሚያርፉት ሰዎች አደልኩ። ግማሹን አፈሰስኩት።

«ሮሴንዳ!» አለ አንድ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ። «ይቺ ሱሪዬን ሾርባ የምታበላው ያቺ የከተማዋ ልጅሽ ናት?»

ሰዎቹ ሳቁ። ሮሴንዳ አልሳቀችም። ጭልፋዋን አስቀመጠችና፣ ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደሚያየን ልጇ ዞረች።

«አይ» አለች። «እሷስ የኤሊሴር ናት።»

ኤሊሴር ገመዱን ለቀቀው።

«ጎትት እንጂ፣ አንተ!» ጮኸበት ሽማግሌው። «ቤቱ መንገድ ላይ ሊቀር ነው!»