አንድ አፍ ለሁላችን

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ጣዕሙን እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አውቀዋለሁ።

ቡዌያ ከተማ ነው፤ የኮሌጃችን ኮምፒውተር ክፍል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የነሐሴ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል።

መብራት ጠፋ። እንደተለመደው።

መምህራችን ሚስተር ፎርቹ መብራት ጠፋ ብለው ትምህርት አያቋርጡም። የፕሮግራሙን ኮድ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ያስጽፉናል። ክላስ ማለት ንድፍ ነው፤ በንድፉ የሚሠሩትን ነገሮች፣ ኦብጀክቶቹን ደግሞ ራሳችን ፊት ለፊት ቆመን እንሆናለን።

ተራው የኔ ነበር። «ሰው» የሚል ቀላል ክላስ ጻፍኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ አፍ። አንድ ሥራም ሰጠሁት፤ መብላት።

ሚስተር ፎርቹ አይተው ሳቁ።

«ኢናንጋ፣ አፉን እኮ ስታቲክ አደረግሽው።»

«ምን ችግር አለው ሰር?»

«ስታቲክ የጋራ ነው። ከዚህ ንድፍ የወጣ ሁሉ በአንድ አፍ ሊበላ ነው። አታጥፊው፤ ስህተትሽን እናስኪደውና እንየው።»

ሰው የበላበትን ማንኪያ እንኳ የምጠየፍ ነኝ። ሐሳቡ ብቻ አንገሸገሸኝ።

ሦስት ሆነን ቆምን። እኔ፣ ኤኖው የሚባል ቀልደኛ ልጅ፣ እና አብራኝ የምትኖረው ቢህ። ለየኦብጀክታችን ስም ስንሰጥ ቢህ የእናቷን ስም ጻፈች... ማንዪ ሉም።

እናቷን በነጭ ጨርቅ ገንዘን የቀበርናት በቅርቡ ነው፤ ባሜንዳ፣ እዚያው ጓሯቸው። ቢህ ፈተና ስለነበረባት እንደ ወጋቸው መቃብሩ ላይ ለሟቿ ምግብ ሳታቀርብ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «ማሚ ርቧታል» ትለኛለች።

«በሉ፣ አንዳችሁ ብሉ» አሉ ሚስተር ፎርቹ።

ኤኖው ከኪሱ ፓፍ-ፓፍ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ አውጥቶ ገመጠ።

ዘይቱ እኔ አፍ ውስጥ መጣ። ከነምራቁ።

ኤኖው ደስ ብሎት ሳቀ። እኔ ግን ምላሴን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ከዚያ... አፈር።

ርጥብ፣ ቀዝቃዛ አፈር። ከሥሩ የከረመ ሥጋ። አንድ ለስላሳ ነገር ምላሴ ላይ ተገላበጠ። ጣቴን ከትቼ ፈለግኩ፤ ምንም የለም።

ኤኖው ፓፍ-ፓፉን ጥሎ እዚያው አስታወከ። ሚስተር ፎርቹ ምን እንደሆንን አልገባቸውም።

የሰሌዳውን ዳስተር አነሳሁ። ቢህ እጄን ያዘችኝ።

«አታጥፊ።»

«ልቀቂኝ ቢህ... አልቻልኩም።»

«ማሚ ናት እኮ» አለች በሹክሹክታ። «አፈሩን እየበላች ነው። ሌላ ምን አላት?»

ጎንበስ ብላ ፓፍ-ፓፉን ከትውከቱ አጠገብ አነሳችና አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

«ብዪ ማሚ... ብዪ።»

አፌ ውስጥ የማናችንም ያልሆነ ጥርስ ማኘክ ጀመረ። ቶሎ ቶሎ። በስግብግብነት።

ፓፍ-ፓፉ አለቀ።

ጥርሱ ምላሴን ፈልጎ አገኘው። ቀስ ብሎ ነከስ አደረገው።

ቢህን ገፍትሬ ሰሌዳውን ጠራርጌ አጠፋሁት።

ጣዕሙ ጠፋ። ኤኖው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለከልካል። አፌ የራሴ ብቻ ሆነ።

«አለቀ ቢህ። ይቅር በይኝ፤ አለቀ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

ትከሻዋን ይዤ አዞርኳት።

ከከንፈሯ ጥግ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ርሷል። ጭቃ ነክቶታል። ይሸታል።

«ትፊው» አልኳት።

አፏን ከፈተች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ይለምነኛል።

እየዘገነነኝ ጫፉን ይዤ ጎተትኩ።

ከጉሮሮዋ ውስጥ... አንድ ነገር መልሶ ጎተተው።