ፊት ለፊት የዞሩት አግዳሚዎች

«ይቅርታ፣ ቦታው ተይዟል» አልኩት።

አዲሱ ወንጌላዊ ብድግ ብሎ የሚመጣውን ሰው በዓይኑ ፈለገ። ማንም አልመጣም። አጠገቤ ያለው ቦታ የሟቹ ባለቤቴ ነበር፤ የጸሎት ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ የሠራውም እሱ ነው። ወንጌላዊው ሲገባው አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ቤቴ ደጃፍ ይሸኘኝ ጀመር።

«አናጢነቱን ማን አስተማራቸው?»

«አባቱ። እኔ ሚስማር እንኳ መምታት አልችልም።»

«እኔ እመታለሁ... ጣቴን!»

ሳቅኩ። ሳቁ የሌላ ሴት መሰለኝ።

በዚያ ሰሞን ከወንዙ ማዶ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች በላስቲክ ሥር ዝናብ ይመታቸው ነበር። ወንጌላዊው ቀን ቀን ማዘጋጃ ቤት ደጅ ይጠናላቸዋል፤ ሲሰብክ ደግሞ «አዳራሹን እንክፈትላቸው» ይላል።

አንድ ቀን ሰብሳቢው ሽማግሌ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ሰዎቹን ለማሳደር አግዳሚዎቹ መነሣት አለባቸው። የባልሽ መታሰቢያ ናቸው። እምቢ ካልሽ አንነካቸውም፤ አዳራሹም አይከፈትም።»

ለካ ለዚህ ነው የሚሸኘኝ! በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አግዳሚዎቹን ፈልገው ነው የቀረቡኝ?»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እንዲያ ከመሰለዎት... መቅረቤ ልክ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

ከኋላዬ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለምናት ብለን ስንት ጊዜ ነዘነዝነው መሰለሽ! ‹ሐዘኗን መደራደሪያ አላደርገውም› ብሎ አሻፈረኝ አለ።»

ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። የመስኮቱ ብርሃን አግዳሚዎቹ ላይ እንደ ውሃ ተኝቷል። የባለቤቴ እጅ ያለሰለሰውን እንጨት ዳበስኩት፤ ሞቅ ያለ መሰለኝ።

«አይነሡም» አልኳቸው ሽማግሌውን። «ይዙሩ።»

የመጀመሪያውን ራሴ ገፋሁት። ከበደኝ። ድንገት ሌላኛውን ጫፍ ሁለት እጆች ያዙት... ወንጌላዊው ነበር፤ ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገጥሙ አልጋ ይሆናሉ» አልኩት። «መደገፊያቸው ልጆቹን ከመውደቅ ያድናል።»

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ጣቴን!»

ሳልፈልግ ሳቅኩ።

በዚያ ምሽት ባለቤቴ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አንዲት ሕፃን ተኛች። ትንፋሿን እያዳመጥኩ ቆየሁና ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ምእመናኑ በሙሉ ከወንጌላዊው ጋር ማዘጋጃ ቤት ተመላለሱ። ዝናቡ ሲያባራ ሰዎቹ ቤት ተሰጣቸው። እኔና እሱ አግዳሚዎቹን መልሰን ስናዞር የባለቤቴ መደገፊያ ላይ የሕፃኗን የጥርስ ምልክት አየን።

«በብርጭቆ ወረቀት ላለስልሰው?»

«ይቆይ፤ ደስ ይለዋል።»

ምልክቱን በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«ያግቡኝ ብል... ይቀየሙኛል?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጠጋ አልኩለት።

እሱ ግን አሁንም እንደቆመ ነው።

«ቦታው አልተያዘም?»

«ተይዟል» አልኩት። «ላንተ ነው የያዝኩት። ተቀመጥ።»