አስር ጊዜ ለክቶ

አንድ ነገር ስንት ጊዜ ሲለካ ነው «በቃ» የሚባለው? ሐኪም ነኝ፤ ባሕር ማዶ ተምሬ ተመልሻለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ጤና ጣቢያችን የመጡት ለኩላሊት ጠጠር ነበር። በአልትራሳውንድ ሳያቸው፣ ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ሆዳቸው ውስጥ አብጧል።

«አራት ነጥብ አንድ ሳንቲሜትር» አልኩ።

«አራት ሳንቲም?» ሳቁ። «ልጄ፣ እሱማ የሱሪ እጥፋት ነው!»

ልጃቸው አልሳቀም። አብሯቸው የሚሰፋ፣ ሜትር ከአንገቱ የማይለይ ዝምተኛ ነው። ዓይኑ ከስክሪኑ ወደ እኔ መጣና እዚያው ቀረ።

«ይፈነዳል?»

«በዚህ መጠኑ እምብዛም። አምስት ተኩል ካልደረሰ ለቀዶ ጥገና አይቸኮልም።» ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «ሲጋራ ያቁሙ፣ የግፊት መድኃኒትዎን ይዋጡ፣ በዓመቱ እንለካዎታለን። ድንገት ሆድዎን ወይም ጀርባዎን ክፉኛ ካመመዎት ግን በቀጥታ ሆስፒታል።»

አስተማሪዬ «መጠበቅም ሕክምና ነው» ይሉ ነበር። እሳቸው ሲሉት ያሳምናል፤ እኔ ስለው ሰበብ ይመስለኛል።

ልጁ የአባቱን የግፊት ቁጥር በየሳምንቱ በወረቀት ያመጣልኝ ጀመር። በስልክ መላክ እንደሚቻል ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ከሰዓት ወረቀቱን ሰጥቶኝ አልሄድ አለ።

«እንጋባ።»

ልቤ ዘለለ። «ቀዶ ጥገናው ይቆይ፣ እንጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ። አባባ አንድ ነገር ቢሆኑ በምን ዓይንህ ታየኛለህ? ቀጣዩን ልኬት እንይና…»

«ከዚያስ? ደግሞ ቀጣዩን?»

ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት።

«እኛ ቤት አስር ጊዜ ተለክቶ አንዴ ይቆረጣል» አለ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እየጠቀለለ። «አንቺ ግን ስትለኪ ልትከርሚ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በስልክ መጣ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ። ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ። አራት ነጥብ ሁለት።

«ደህና ነዎት አባባ!»

«እኔማ መች ፈራሁ? የፈራችሁ እናንተ!» ከፌስታል ኮት አወጡ። «ዝምተኛው ስጧት ብሏል። ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቶ ባለፈው ሳምንት ሄደ።»

አንድም ቀን ለክቶኝ አያውቅም። ለበስኩት። ትከሻው፣ እጅጌው፣ ወገቡ፣ የትም ዝንፍ አላለም።

«ዓይኑ ሜትር ነው» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

ስልኬን አወጣሁ። «አራት ነጥብ ሁለት። ኮቱ ልክ ነው። አንተም ልክ ነበርክ።» ላክሁለት።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌውን ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ። መልስ አልመጣም።