በልምምድ የማይባል ቃል

ዊላ ለወርቅ ቆፋሪዎቹ ሾርባ እያማሰለች ነበር። ሾርባው ውኃ ነው፤ የመድረክ ሾርባ። ቀና ስትል ከሙዚቀኞቹ መካከል ባንጆ ይዞ የተቀመጠ ሰው አየች። ኦረን። ጭልፋው ከእጇ አምልጦ እግሩ ሥር ወደቀ።

«አቀባበልሽ ጥሩ ነው» አላት፣ ጭልፋውን አንስቶ እያቀበላት።

የከተማዋ ቲያትር ቤት «የወንዙ አሸዋ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የድሮ ተዋንያኑንም ጠርቶ፣ እንደገና ሊያሳይ ነው። ያኔ ኦረን ቆፋሪው፣ ዊላ ደግሞ ፍቅረኛው ነበሩ። ዛሬ ቦታቸውን ወጣቶች ይዘውታል፤ ለዊላ የደረሳት የምግብ ቤቷ ባለቤት ሚና ነው፣ ኩርፊያ የማያልቅባት ሴት።

በመጨረሻው ትዕይንት ቆፋሪው ስልቻውን አንጠልጥሎ «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ይላል። ልጅቷ «ቆይልኝ» ትላለች፤ መጋረጃው ይዘጋል። ታዲያ የመጨረሻው ቃል ያለ ተመልካች ከተነገረ ቲያትሩ አይቀናውም ብለው ተዋንያኑ ስለሚያምኑ፣ በልምምድ ላይ ልጅቷ ዝም ነው የምትለው።

ያኔም ዊላ ዝም አለች። በማግስቱ ኦረን አልነበረም። «ቆይልኝ» ያለችው ለተተኪው ተዋናይ ነው፤ አፉ ሽንኩርት ይሸት ነበር።

ከልምምዱ ለዕረፍት ሲወጡ ኦረንን የጀርባው ደረጃ ላይ አገኘችው። ሥጋና ድንች የተሞላ ዳቦውን ገምሶ ሰጣት።

«ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ ሄድክ» አለችው።

«ጠየቅኩሽ እኮ። ዝም አልሽኝ።»

«መቼ?»

«የመጨረሻው ልምምድ ላይ። ልሂድ ወይስ ልቆይ ብዬ።»

«ኦረን... እሱማ ተውኔቱ ነው።»

«ያን ቀን ስልቻው ውስጥ የነበረው እንደ ወትሮው ጋዜጣ አይደለም። ልብሴ ነው። አላስካ ሥራ አግኝቼ ነበር።»

«እኔ ምን ላውቅ? ቃሉን እንዳትይ ተብያለሁ።»

«ዓይኔንስ አላየሽም?»

«አየሁ። እንዴት ጎበዝ ተዋናይ ነው ብዬ ቀናሁብህ።»

ኦረን ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። ዊላ ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ሃያ ዓመት ሙሉ በምትሠራበት ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱ ይሆናል ብላ አንስታለች። ሁልጊዜ የሌላ ሰው መንጋጋ ነበር።

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ትርኢቱ እንዳለቀ። ሰኞ።»

«እዚያ የሚጠብቅህ ሰው አለ?»

«ውሻ አለ።»

ዊላ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ይሄን ማንም አልጻፈልኝም፤ ከተንተባተብኩ ቻለኝ» አለች። «አትሂድብኝ። እኔ... ሌላ ሰው ለመውደድ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።»

ኦረን የዳቦውን ፍርፋሪ ከጉልበቱ አራገፈ።

«ውሻውን ላምጣው። ሦስት ሳምንት ስጪኝ።»

«ጠባዩ እንዴት ነው?»

«ይነክሳል።»

«ይሁን። ሦስት ሳምንት ምን አላት።»

ሃያ ዓመት የቻለችው ሴት ሦስቱን ሳምንት አልቻለችም። ኦረን ከአላስካ በመኪና መነሣቱን በስልክ በነገራት ቀን፣ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ እሷም ወደ ሰሜን ነዳች። መንገድ ላይ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ ተገናኙ። አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች፤ እሱም አልለቀቃትም።

ውሻው እውነትም ነከሳት።