ዘውዱ የደፈነው በር

እኔ ተረት የማወራ ሰው አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። አሁን እንኳ የደንበኛ ልብስ ተከምሮ እየጠበቀኝ ነው፤ ቁጭ ብዬ ውሸት የምፈጥርበት ጊዜ የለኝም።

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በገዛ ዓይኔ ያየሁት። ካላመናችሁም አልቀየማችሁም።

ቦታው መርሳ ነው... ጊዜው 2014፣ የካቲት ውስጥ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ ቀን ነው። ጠራራ ፀሐይ።

ሌሊት ቢሆንማ ቅዠት ነው ብዬ እገላገል ነበር።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ወንድሜ ሞገስ ባጃጅ ነጂ ነበር። በ2013 ነሐሴ ላይ፣ ጦርነቱ ወደኛ እየቀረበ ከተማው ሲተራመስ፣ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት አለቀ። ሞገስ "ወልድያ ደርሼ መጣሁ" ብሎ ወጣ።

እንደወጣ ቀረ።

ሬሳውን አየሁ ያለን ሰው የለም። ሞተ ያለንም የለም። ስልኩ ዝግ ነው። እኛም ሸሽተን በሰው ቤት ስንንከራተት ከርመን ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ስንመለስ የእማዬ ክፍል ግማሹ የለም። ከባድ መሣሪያ መትቶት የፊት ግድግዳው ከበሩ ጋር ወድቋል። የቆርቆሮ በሩ ተጨማዶ ጓሮ ተጥሏል።

እማዬ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ።

"ትዕግስት፣ ቤቱን ቶሎ አስነሺልኝ። ሞገስ መጥቶ ፍርስራሽ ካየ፣ ሞተዋል ብሎ ይመለሳል። በሩም እዚያው ቦታው ላይ ይሁን።"

ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ዘውዱን ያዝኩት። ዘውዱ የሞገስ ጓደኛ ነው፤ በጭቃ ቤት ሥራ እጁ የታወቀ። በዚያ ሰሞን ሲሚንቶ ከየት ይመጣል? በእንጨትና በጭቃ ይሁን ተባባልን። "በአሥር ቀን አስረክብሻለሁ" አለኝ።

አሥር ቀን!

ቤት ያሠራ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ስደውል "መንገድ ላይ ነኝ" ይለኛል። መንገዱ ግን አያልቅም። ሲመጣ ሁለት እንጨት ያቆምና ሚስማር ጎደለ ብሎ ይሄዳል። በሌላው ቀን ጭድ ጎደለ። በሌላው ቀን ራሱ ዘውዱ ጎደለ። ለካ ወልድያ መንገድ ላይ ያለችው ሲሪንቃ ሌላ ቤት ጀምሯል!

ሌላም አመል ነበረው። ልክ አምስት ተኩል ሲሆን ዕቃውን ይሰበስባል።

"ምሳ በልቼ ልምጣ" ይላል።

አይመጣም። አንድም ቀን ከሰዓት በኋላ እኛ ግቢ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም።

ስንፍና ነው ብዬ ስሰድበው ከረምኩ።

አንድ ጊዜ እማዬን ጎረቤት አስቀምጬ ለክርና ለቁልፍ ወልድያ ሄጄ እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ስመለስ ተአምር ጠበቀኝ። ዘውዱ ግድግዳውን አቁሞ፣ ማግሮ፣ መርጎ ጨርሶታል! በሁለት ጠዋት! ደስ ብሎኝ ልመርቀው አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ አየሁ።

በሩ የለም።

የድሮው በር የነበረበት ቦታ ድፍን ግድግዳ ሆኗል።

"አንተ ሰውዬ! በሩ የታለ?"

"በጓሮ በኩል አደረግኩት።"

"ማን አድርግ አለህ?"

"እዚህ ጋ ቋሚ አይዝም።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ሲይዝ የኖረው?"

መሬት መሬት አየ።

"ተይው በናትሽ፣ ትዕግስት..."

"አልተውም!"

"ስምሽ እንኳ ትዕግስት ነው" አለና ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

እማዬ በአዲሱ በር ገባች፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ ድፍኑን ግድግዳ ስታይ ቆየች።

"ሞገስ በጓሮ በኩል አያውቀውም" አለች።

ሦስት ቀን አለፈ።

በአራተኛው ቀን እማዬ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። እማዬ ጋደም ብላለች። ሬዲዮው የስድስት ሰዓት ዜና ጀመረ።

ኳ... ኳ... ኳ።

ቀና አልኩ።

ከግድግዳው ነው። ከተደፈነው በር።

ጭቃ ሲመታ ድምፁ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ... ድፍን ነው። እኔ የሰማሁት ግን የቆርቆሮ ድምፅ ነው። የበራችን ድምፅ።

እየሮጥኩ በጓሮ ዞሬ ወጣሁ። ማንም የለም። ግቢው ጭር ብሏል።

ስመለስ እማዬ ተነስታ ተቀምጣለች።

"ሰማሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ፍየል ይሆናል።"

"ፍየል ሦስቴ አንኳኩቶ ይጠብቃል?"

መርፌዬን መልሼ አነሳሁ።

በማግስቱ... ስድስት ሰዓት... ኳ... ኳ... ኳ።

በሦስተኛውም ቀን።

ያን ጊዜ ግድግዳውን በደንብ አየሁት። ሌላው ሁሉ ደርቆ ነጣ ብሏል። የበሩ ቦታ ግን እርጥብ ነው። ልክ በበሩ ቁመት፣ ልክ በበሩ ስፋት። በውጭ በኩል ደግሞ እጀታው የነበረበት ላይ ጭቃው ተልጎ ጎድጎድ ብሏል። ሰው ሁልጊዜ የሚነካው ቦታ እንደሚላግ...

እጄን ሰድጄ ነካሁት። ይሞቃል።

ዘውዱን ጠርቼ ጮህኩበት። የግቢው በር ላይ ቆመ እንጂ ወደ ግድግዳው አልቀረበም።

"እርጥብ ነው" አልኩት።

"ይደርቃል።"

"ሌላው ደርቋል እኮ!"

"ይደርቃል አልኩሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። ዘውዱ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። "አትንኪው ብቻ። እባክሽ አትንኪው።"

"ለምን?"

"ነገ እነግርሻለሁ።"

ነገ! የዘውዱን ነገ እኔ አላውቀውም? ከዚያ በኋላ ስልኩን ዘጋ።

እማዬ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ማውራት ጀመረች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጆሮዋን ጭቃው ላይ ትለጥፋለች።

"ዞረህ ና ልጄ... በጓሮ በኩል ነው... በጓሮ..."

ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ ትለኛለች፤

"አይሰማኝም እኮ።"

ፈራሁ። ግድግዳውን አይደለም፣ ለእሷ ነው የፈራሁት። ልጄ አእምሮዬን ይዞብኝ ሄደ የሚሉ እናቶች በዚያ ዓመት አገሩን ሞልተውት ነበር። በመጨረሻ "በሩን ካልከፈትሽልኝ እህል አልቀምስም" አለችና ፊቷን አዞረች። ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ብቻ። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ተቆጥቼ... ወይ ፍንክች! እንዲህ ከቀጠለች እናቴም ልታመልጠኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጎረቤት ዲጂኖ ተዋስኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ንዴቴን ሁሉ በዚያ ግድግዳ ላይ ተወጣሁት። በእያንዳንዱ ምት ዘውዱን እየሰደብኩ ማገሩን ሰባበርኩት። ጭቃው እስከ ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ዛሬ የተቦካ ነው ብትሉኝ አምናለሁ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን የበሩ ቦታ ወለል ብሎ ተከፈተ።

እማዬ ሳቀች።

ከነሐሴ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ምግብ አምጪ አለችኝ፣ በላች። ነጭ ቀሚሷን አውጥታ ለበሰች። እኔም እንደ ጀግና ተሰማኝ። እውነቴን ነው፣ በደስታ ዓይኔ እንባ ሞላ።

አሁን የቀረው መቃንና በር ነው። እሱን ደግሞ ዘውዱ ይሥራት! ባጃጅ ይዤ በረርኩ ወደ ሲሪንቃ።

መሰላል ላይ ቆሞ የሰው ግድግዳ ይመርጋል።

"ዘውዱ! ና ውረድ! ግድግዳህን አፍርሼልሃለሁ!"

"የቱን?"

"የበሩን ነዋ!"

በእጁ የያዘው ጭቃ መሬት ላይ ወደቀ።

"እማማ በላይነሽስ?"

"ቤት ናት።"

"ብቻቸውን?"

"ብቻዋን። ምን ሆነሃል?"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት ከሩብ።"

ወረደ አልላችሁም፣ ዘለለ። እጄን ጎትቶ ባጃጁ ውስጥ አስገባኝ። "መርሳ! ፍጠን ወንድሜ!" አለው ነጂውን። እጁ ላይ ያለው ጭቃ ቀሚሴን ሁሉ ነካው፤ እሱም አላየውም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ሞገስን የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

ምንም አልገባኝም።

"ምን አልክ?"

"ነሐሴ ላይ... ከሲሪንቃ ወዲህ፣ መንገድ ዳር አገኘሁት። ባጃጁ ተገልብጧል። እሱ አልቆለታል። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ የምከፍነው ጨርቅ እንኳ የለ። ተኩስ ነበር። በእጄ ጭሬ ቀበርኩት።"

ጮህኩ መሰለኝ። ነጂው ዞሮ አየን።

"ስድስት ወር ሙሉ! ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔን እያየህ!"

"ስንት ጊዜ በራችሁ ደርሼ ተመለስኩ መሰለሽ? እናትሽ ገና ሲያዩኝ 'ሞገስን አየኸው?' ይሉኛል። መርዶ በአንድ ሰው አፍ ይነገራል? ሽማግሌ ልሰብስብ፣ ዘመድ ልሰብስብ እያልኩ... ዛሬ ነገ እያልኩ..."

"በሩንስ? በሩን ለምን ደፈንከው?"

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

"ዘውዱ!"

"እኔ ቤት መጥቶ ነበር" አለኝ በሹክሹክታ። "በቀትር። ልክ በስድስት ሰዓት። ያንኳኳል። ስከፍት ማንም የለም። አንቺ ወልድያ ልትሄጂ ሰሞን፣ እኔ ሳልኖር፣ ታማ እኔ ጋ የነበረችው አክስቴ ከፈተችለት። 'እንግዳ መጥቷል፣ ግባ ብዬዋለሁ' አለች። በዚያው ቀን አረፈች።"

የባጃጁን ብረት ጨብጬ ያዝኩ።

"ከዚያ በኋላ እኔ ጋ አንኳኩቶ አያውቅም። ቀጥሎ የት እንደሚሄድ አወቅኩ። እናንተ ቤት ሞገስ የሚያውቀው በር ደግሞ ያ ብቻ ነው። ሌላ አያውቅም።"

"አንድ ቃል!" አልኩት። ደረቱን በቡጢ መታሁት። "አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበር? አንድ ቃል! አላፈርሰውም ነበር እኮ!"

ያለቅስ ነበር።

ኬላው ላይ አስቆሙን። መታወቂያ። ፍተሻ። ከፊታችን ሁለት የጭነት መኪና ተሰልፏል። ለመንናቸው። "ሁሉም ይቸኩላል፣ ተራ ጠብቁ" አሉን። ስልኬን አየሁ፣ ለስድስት አሥራ አምስት ጉዳይ። እንደገና አየሁ፣ አምስት ጉዳይ። እግዚኦ! ንዴት ሰው ቢገድል ያኔ እዚያው በሞትኩ።

ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ የጎረቤት ሬዲዮ የስድስት ሰዓት ዜና እያነበበ ነው።

ማንኳኳት አልሰማሁም።

ለምን ያንኳኳል? ክፍት ነው።

በፈረሰው በር በኩል የእማዬ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ብላ ታወራለች። ዘውዱ ከኋላዬ ቆመ፣ አንድ እርምጃ አልጨመረም። እኔ ገባሁ።

እማዬ በነጭ ቀሚሷ በርጩማ ላይ፣ ፊቷን ወደ አልጋው አድርጋ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሳፋ አለ። በእጇ ማንቆርቆሪያ ይዛለች። ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው እግሩን እንደሚታጠበው... ታጥባለች።

አልጋው ላይ ማንም የለም።

ፍራሹ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል።

ውኃው ከማንቆርቆሪያው ይወርዳል። ሳፋው ጋ ሳይደርስ መሐል ላይ ይሰነጠቃል... በግራና በቀኝ ይንሸራተታል... ከዚያ ይንጠባጠባል።

ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል። ሳፋው ውስጥ ያለው ግን አፈር ነው። ጥቁር አፈር።

"እማዬ..."

"እሽሽ... ደክሞታል።"

"እማዬ፣ ነይ እንውጣ። በናትሽ ነይ።"

"ትንሽ አረፍ ይበል እንጂ" አለች ሳትዞር። ድምፅዋ የደስታ ነው፤ እንዲህ ደስ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። "መንገዱ ረጅም ነው አለኝ። አብረን ነው የምንሄደው።"

የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አንድ የማይታይ ነገር አደረቀች። መጀመሪያ አንዱን። ከዚያ ሌላውን።

አልጋው ሲጥጥ አለ። የጎደጎደው ፍራሽ ቀስ ብሎ ተነሳ።

እማዬም ተነሳች። ከፍ ብሎ፣ የሞገስ ፊት በሚሆንበት ቦታ ላይ፣ ባዶውን አየር ቀና ብላ አየች።

ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። የእናቴ ጣቶች ላይ፣ ቆዳዋ ላይ፣ አራት የጣት ጉድጓድ ሲሰረጎድ አየሁ።