ያልደረስኩት ለቅሶ

ሥራዬ መፍራት ነው። ደባርቅ ውስጥ «አፋፍ ሎጅና ጉዞ» የሚባል ኩባንያ ነገረ ፈጅ ነኝ። ኩባንያው ተራራ ላይ እንግዶችን ያሳድራል፣ ዕቃቸውን በበቅሎ ያስጭናል፤ እኔ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ ማን ወድቆ ማን እንደሚከሰን አስባለሁ። ለዚህ ደሞዝ ይከፈለኛል። ሰው ቢስቅብኝ አልፈርድበትም።

እንዳለው የሚባለው ሰውም መጀመሪያ የሳቀብኝ በዚሁ ነው። የአምባራስ በቅሎ አከራዮች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። የማኅበሩን ውል ሊፈርም መጥቶ፣ እንደ ሌላው ሰው «የት ጋ ነው?» ብሎ ብዕር ከመቀበል ይልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ድቁና የተማረ ሰው ነው፤ ቃል አይዘልም።

«ይቺ ‹ኩባንያው ኃላፊነት አይወስድም› የምትለዋ ስድስት ጊዜ መጣች» አለኝ።

«ሰባት ናት። አንዷን ዘለሃል።»

«ታዲያ እኔ ገደል ብገባ ማን ይጠየቃል?»

«ገደሉ!» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ፍንጭት ጥርሱን አየሁ፣ አበቃልኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርድ ቢሮዬ ብቅ ማለት ለመደ። «ነገረ ፈጇ፣ አንቀጽ አሥራ አንድ አልገባኝም» ይለኛል። አንቀጽ አሥራ አንድን በቃሉ እንደሚያውቀው አውቃለሁ። ቢሮውን ዘግተን ከከተማው ወጣ ብለን፣ ቆላው ቁልቁል የሚታይበት አፋፍ ላይ እንቀመጣለን። የባቄላ እሸት በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣልኛል። እየፈለፈለ ይሰጠኛል፣ እበላለሁ። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ ቀና ስል እያየኝ ይሆናል፤ ያኔ እሱም አያፍር፣ እኔም አላፍር።

«ከፋሲካ በኋላ ላቀውን ሽማግሌ አድርጌ አባትሽ ዘንድ እልካለሁ» አለኝ አንድ ቅዳሜ።

ላቀው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ በበቅሎው ጭነት ያሳደገው። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አግኝቶኝ እጄን ጨብጦ አገላበጠና፣ «ይሄ እጅ ወረቀት እንጂ ብርድ አይችልም፤ በል አስብበት!» ብሎ ወንድሙን ቀለደበት።

አባቴ ዋሴ፣ ዳባት ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ነገሩን ስነግረው ወፍራም የካፖርት ጨርቅ አወረደ።

«ትከሻው ምን ያህል ይሆናል?» አለኝ።

እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁት።

«ይሄ ሰው ነው ወይስ በር?» ብሎ ሳቀብኝ፤ መቀሱንም አነሳ።

የካቲት ላይ እንዳለው፣ «ስጦት፣ ከሎጁ በታች ያለው የእንጨት ድልድይ በስብሷል፤ በቅሎ ሲረግጠው ያቃስታል» አለኝ። የዚያኑ ቀን የስጋት መዝገቤ ላይ ጻፍኩት። ከጎኑ «ከፍተኛ» ብዬ በቀይ አሰመርኩና ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ሕሩይ አሳየኋቸው። «የእንግዳው ወቅት ይለፍና እናሠራዋለን» አሉ። አልተከራከርኩም። ክፉ ልማዴ ይኸው ነው፤ የጻፍኩት ነገር ሁሉ የተሠራ ይመስለኛል።

በሆሳዕና ማግስት ድልድዩ ላቀውን ከነበቅሎው ይዞ ገደል ገባ።

ወሬው ቢሮ እንደደረሰ አቶ ሕሩይ ጋቢያቸውን አንስተው ቆሙ። «ሠራተኛውን ሁሉ ጥሪ! መኪናው ይነሳ። ሰው ሞቶብን ቁጭ እንላለን እንዴ?»

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። እሳቸው ሊሄዱ ነበር። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።

«አይሆንም፣ አቶ ሕሩይ» ብዬ የኢንሹራንሱን ውል ገለጥኩላቸው። መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ኩባንያው በቃልም ሆነ በአድራጎት ጥፋቱን ያመነ እንደሆነ፣ ካሣ አይከፈልም ይላል። በእኛ አገር ደግሞ ባለ ንብረቱ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ «ይቅር በሉኝ» ካለ በዳዩ እሱ ነው፤ ሌላ ምስክር አይፈለግም። አቶ ሕሩይን አውቃቸዋለሁ፤ የሟቹን እናት ሲያዩ እግራቸው ላይ ነው የሚወድቁት። ያን የሚያይ ሰው ሞልቷል። ኢንሹራንሱ ምክንያት ካገኘ የላቀው እናት፣ ሚስቱና ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው። እኔ ያሰብኩት ይህን ነበር። እውነቴን ነው፣ ያሰብኩት ለእነሱ ነበር።

ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ ጽፌ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። «እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ ድረስ ማንኛውም የኩባንያው ሠራተኛ በሟቹ ለቅሶ ላይ እንዳይገኝ።» «ማንኛውም» ብዬ ስጽፍ ራሴ ትዝ አላልኩኝም። ትዝ ስለኝ ደግሞ፣ እኔ ከሄድኩ ሌላውን በምን አፌ እከለክላለሁ አልኩ።

በማግስቱ እንዳለው ደወለልኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነበር መሰለኝ፣ ነፋሱ ይሰማኛል።

«መቼ ትመጪያለሽ?»

«እንዳለው…»

«ሕማማት ነው ተብሎ ፍትሐት እንኳ ሳይደረግለት ቀበርነው። እናቴ ‹ያቺ ልጅ አልመጣችም?› እያለች ትጠይቀኛለች።»

«መምጣት አልችልም። የሥራ ነገር ነው። ኋላ አስረዳሃለሁ፤ ለእናንተው ብዬ ነው።»

 ነፋሱ ብቻ ይነፍሳል። ያኔ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

«ለቅሶ እኮ ነው፣ ስጦት» አለኝ። «ለቅሶ ምን ማስረዳት አለው?»

ስልኩን ዘጋው።

የሎጃችን ወጥ ሠሪ ገበያነሽ ማስታወቂያውን ቆማ አየችና፣ «እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ሄደች። ስትመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፈርማ ተቀበለችና፣ «አንቺ ልጅ፣ እናንተ ቤት ሰው አይሞትም?» አለችኝ።

አባቴ ይረዳኛል ብዬ ደወልኩለት።

«ዋይ ልጄን! ምን ነካሽ?»

«አባባ፣ ሕጉ እኮ…»

«የሕጉን ለሕጉ ተይለት!» ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም።

ሱቁን ዘግቶ፣ ያንን በሽተኛ ጉልበቱን ይዞ፣ በጭነት መኪና አምባራስ ወጣ። እስከ ሠልስቱ እዚያው ተቀመጠ። ልጅህስ ሲሉት «አሟት ነው» አለ፤ በሕማማት ስለኔ ዋሸ። ሲመለስ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መርፌውን ክር እያስገባ፣ «ካፖርቱን ሰጠሁት። ብርድ ነው አገራቸው» አለኝ። 

ኢንሹራንሱ ከፈለ። ትክክል ነበርኩ። አቶ ሕሩይ «ባንቺ ብልሃት ነው» አሉኝ፤ ሲሉኝ ግን ፊቴን አላዩም።

እንዳለው ስለ እናቱ ስለ ወይዘሮ ወለተ ማርያም የካሣውን ስምምነት ሊፈርም መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበበ። «ኩባንያው ጥፋተኝነቱን ሳያምን» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ የምንጠይቀው ገደሉን ነው ማለት ነው።»

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። የኢንሹራንሱን አንቀጽ፣ የአቶ ሕሩይን ነገር፣ የፈራሁትን ሁሉ። አላቋረጠኝም። ጨርሶ ሰማኝ፤ እኔን ያቃጠለኝ ደግሞ እንደገባው ማየቴ ነው።

«ገብቶኛል» አለ። «ገንዘቡም ልጆቹን ያሳድጋል፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ደረስጌ ያለው ዘመድ ሳይቀር በእግሩ ሲመጣ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ መንገድ ላይ ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር አንቺ ትመስይኝ ነበር።»

«እንዳለው፣ ለላቀው የታሰበውን ሌላ ሽማግሌ…» አልኩ፤ ምን እንዳልኩ እንጃ፣ ውርደት ነው።

«የኔ ሽማግሌ ላቀው ነበር» አለና ፈረመ። ብዕሩን ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ጥር ላይ አባቴ ሞተ።

ዳባት ድንኳን ተጣለ። አቶ ሕሩይ ሠራተኛውን ሁሉ በሁለት መኪና ጭነው መጡ። ገበያነሽ ማንም ሳይነግራት ጓዳ ገብታ ንፍሮ ቀቀለች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፍኩባት ሴት እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

በሁለተኛው ቀን እንዳለው ገባ። ያንን ካፖርት ለብሷል። «ነፍስ ይማር» ብሎ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እስከ ሠልስቱ አልተነሳም። ውኃ ሲያልቅ ጄሪካን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ቦታ የሚለቀው እሱ ነው። ወደ እኔ ግን አንድ ጊዜም አላየም። እኔ ለአባቴ እያለቀስኩ ነበር፤ ለአባቴ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ።

ሲሄድ እስከ ድንኳኑ በር ተከተልኩት።

«ይቅር አልከኝ?»

ያኔ ዞሮ አየኝ። እንደ ድሮው ረጅም አድርጎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ምነው በተቆጣኝ!

«አባትሽ ሰው ነበሩ» አለኝ። «እኔ የመጣሁት ለእሳቸው ነው።»

ከዚያም ለማንኛውም ለቀስተኛ እንደሚባለው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎኝ፣ የካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ ወደ መኪና መናኸሪያው ወረደ።

ሥራ ስመለስ ማስታወቂያው እዚያው ሰሌዳው ላይ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የሻረው የለም። ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ድልድዩ አሁን በብረት ተሠርቷል፤ መዝገቤ ላይ «ዝቅተኛ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሰው ስለ እንዳለው ሲጠይቀኝ «ደህና ነው አሉ» እላለሁ።

ካፖርቱ ልክክ ብሎለት ነበር። አባቴ አንድም ቀን ሳይለካው፣ እኔ እጆቼን ዘርግቼ እያሳየሁት የሰፋው ነው።