ሁለት ሥርዓት ያደረበት ኮምፒውተር

ጊዜን የፈጠረ፣ ጊዜም የማያስረጀው አምላክ የእያንዳንዱን ሰው የመጨረሻ ሰዓት ያውቃል። ሰው ግን የሚያውቀው የነገሩትን ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በእርሱ ዕውቀት ሥር ሆነን በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት የደረሰውን እንናገር።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ ግንባሩን በጠረጴዛው ላይ እንደ ደፋ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የወረቀት መጫኛ ብረት ከእግሩ ሥር ወድቋል። ያገኘችው ሚስቱ ናት፤ ሲመሽ ቢዘገይባት ልትጠራው መጥታ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ቆርቆሮ ጣራ ክፍሉን ምድጃ አድርጎታል። ጠዋት ይሙት ከሰዓት በኋላ፣ ከአስከሬኑ ማወቅ አልችልም።»

ሐኪሙ ያላወቀውን ኮምፒውተሩ ተናገረ። ሟች ለኅትመት ይጽፈው የነበረው የጸሎት መጽሐፍ የመጨረሻው ገጽ ተጽፎ በማሽኑ የተቀመጠው ረፋድ ላይ ነበር። ሟች እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረምና፣ ከዚያ በኋላ አለመሥራቱ ከዚያ በኋላ አለመኖሩ ነው ተባለ። በዚያ ረፋድ አብራው የነበረችው ደግሞ የሟች እህት ልጅ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ብቻ ናት። ታሰረች።

ጉዳዩ የተሰጣትን መርማሪ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ። መጀመሪያ የሄደችው ወደ እስረኛዋ ነው።

«አጎትሽ አዲሱን የኮምፒውተር ሥርዓት አልፈልግም ብሎ ተጣላችሁ?»

«ኧረ እሱ ራሱ ነው የጠራኝ! አሮጌው ሥራ መሃል ቀጥ ይልበት ነበር። ‹አርጅቷል እንደ እኔ፤ እኔን መቀየር ካልቻልሽ እሱን ቀይሪው› እያለ ይቀልድ ነበር።»

«አሮጌውን አጠፋሽው?»

«ገና ነበር። አዲሱን ከጎኑ ጫንኩለት፤ ማሽኑ ሲከፈት ከሁለቱ አንዱን ያስመርጣል። አሮጌውን በማግስቱ ላጠፋው ነበር። ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ በአዲሱ እየጻፈ ነው የተውኩት። ‹ያንን ዳግመኛ አልከፍተውም› ብሎ ምሎልኛል።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «አያቴ ምን አለች? እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ገደልኩት ብላ አመነች?»

መርማሪዋ ከዚያ ወደ አያትየዋ ቤት ሄደች።

የሟች ታናሽ ወንድም ከእናቱ ጋር ይኖራል። በወንድሙ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ነው፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። በዚያ ጠዋት እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ እንደ ነበር የመሰከረለት ብዙ ነው።

«ከሐኪም ቤት ስትመለሱስ?»

«ደክሞኝ ተኛሁ። እማዬን ጠይቂያት።»

እናቲቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ተኝቶ ነበር» አሉ።

«አዲሱን ሥርዓት እንዴት አገኙት?» ስትል መርማሪዋ ወንድምየውን ጠየቀችው።

«እሱን ለልጆች! እኔ የምሠራው በዓይኔ መሰለሽ? በጣቴ ነው። በአሮጌው ላይ የቱ ነገር የት እንዳለ ጣቴ ያውቀዋል። በአዲሱ ላይ ግን በሰው ቤት የገባ ዕውር ነኝ።»

«ወንድምዎስ ምን አሉ?»

«‹ትለምደዋለህ› ነዋ!»

መርማሪዋ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለሰች። በምዕራቡ መስኮት ላይ መጋረጃው የኮምፒውተሩን ማያ ገጽ እስኪጋርድ ብቻ ተስቧል።

«መጋረጃውን የነካ አለ?»

«ማንም» አለች ሚስቲቱ። «እንዳገኘሁት ነው። እኔ እዚህ ገብቼ የምነካው መጥረጊያ ብቻ ነው፤ ይህን ማሽን መክፈት እንኳ አላውቅበትም።»

ጠዋት በዚያ መስኮት ፀሐይ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ግን መርማሪዋ መጋረጃውን ብትገልጠው ብርሃኑ ማያ ገጹን አጠበው፤ ፊደል የሚባል አልታይ አለ። ኮምፒውተሩን በአሮጌው ሥርዓት ከፈተችው። ከማያ ገጹ ጥግ ያለውን ሰዓት አየች፤ የእጅዋን ሰዓት አየች። ሁለቱንም በማስታወሻዋ ላይ ጎን ለጎን ጻፈች።

በማግስቱ ሁሉንም በዚያ ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ እስረኛዋም በጠባቂ መጣች።

«የተቀመጠው ገጽ የተጻፈው በአሮጌው ሥርዓት ነው» አለች መርማሪዋ።

ባለሙያዋ ቀና አለች። «በአሮጌው? ይህን ማን ነገረኝ! እንዲያማ ከሆነ ሰዓቱ ውሸት ነው። አዲሱ የማሽኑን ሰዓት ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ያለውን የዓለም የጋራ ሰዓት አድርጎ ያኖረዋል፤ አሮጌው ደግሞ ያንኑ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። የሚያርመው ኢንተርኔት እዚህ የለም። አዲሱ ከተጫነ በኋላ አሮጌው ሲከፈት በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይቀራል።»

«ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ረፋድ የተባለው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ለፀሐዩ የተሳበው መጋረጃም ይመሰክራል። ያን ጊዜ አንቺ ክፍል ውስጥ ስታስተምሪ ተማሪዎችሽ አይተውሻል። ሟች የጀመሩት ገጽ፣ ፖሊስ ሳይከፍተው በቀረው አዲሱ ሥርዓት ላይ፣ ከዐረፍተ ነገሩ መሃል ተቋርጧል፤ ያው ጸሎት በአሮጌው ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጽፏል። ጸሎቱን በቃሉ የሚያውቅ፣ ከአሮጌው በቀር የማይችል ሰው ጽፎታል። ሚስታቸው ማሽኑን አያውቁም።» ወደ ሟች ወንድም ዞረች። «ገጹን ለምን ጨረሱት?»

ሰውየው ጣቶቹን ተመለከተ።

«በዚህ ቤት የተጀመረ ገጽ ክፍት ትቶ መነሣት ነውር ነው። አባታችን እንዲያ ነው ያሳደገን። ልመታው አልመጣሁም። ይህችን አንዲት ማሽን እንዳለች ተውልኝ፣ ከዚህ ሌላ መግቢያ የለኝም ብዬ ለመንሁት። ‹ነገ ይጠፋል፤ ትለምደዋለህ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝና መጻፉን ቀጠለ። … ከዚያ ገጹ ክፍት ቀረ። እሱ በጀመረበት መጨረስ አላወቅሁበትም፤ አጠገቡ በርጩማ ስቤ በማውቀው ጻፍሁት። የሰዓቱን ነገር አላወቅሁም። ልጅቱን ሲወስዷት ግን ዝም አልሁ።»

«እማማ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ፣ «ተኝቶ ነበር ብለውኛል።»

«በሩን ሲከፍት ሰምቻለሁ» አሉ እናቲቱ። «ሲመለስም እጁን ብዙ ሲታጠብ ሰምቻለሁ። አንዱን አፈር አለበስሁት፤ ሁለተኛውን በገዛ አፌ ልቅበረው?» እጃቸውን ወደ ልጅቱ ዘረጉ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ እግዜር ያወጣሻል ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

ልጅቱ የተዘረጋውን እጅ አየችው። በእስር ቤት ሆና ስትጠይቅ የሰነበተችው ጥያቄ ተመለሰላት፤ አያቷ እርስዋን ገዳይ ናት ብለው አንድም ቀን አላመኑም ነበር።

ጠባቂው ፈታት። ኮምፒውተሩን አጠፋችው፤ መጋረጃውንም ገለጠችው። «የኔ ልጅ» አሉ አሮጊቷ ዳግመኛ። እርስዋ ግን ወደ መንገዱ ወጣች፤ የምትሄድበት ቤት አልነበራትም። ወንድምየውን በሌላው በር ወሰዱት። የማተሚያ ቤቱ በር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም።

አንባቢ ሆይ፣ አምላክ ቤትህን ከተነሣ እጅ ይጠብቅልህ፤ አውቆ ዝም ከሚል አፍም ይጠብቅልህ። በጣራህ ሥር ያሉትን ሁሉ እየተደማመጡ ያኑርልህ፤ አሜን።